የዞረ አፈሙዝ

በሠላሳ ሰባት ጥቅምት፣ ከዚራ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት፣
የሙሴ ስታማቲ ዳቦ ቤት ተቀርቅሮ፣ ጓዳው በምድጃ ሙቀት
እየነደደ፣ ራዲዮኑ ያስነጥሳል፤
ካይሮን ይጥላል፣ ያነሣል።

«ቡልጋሮቹ» አለ፣ ጆሮው ከራዲዮኑ ጨርቅ እንደተለጠፈ፣
«ጀርመንን እያባረሩት ነው። ከስኮፕዬ ደጃፍ ነው የተሰለፈ
ጦራቸው። ሐዲዱን፣ ድልድዩን፣ ኮረብታውን እየቀሙ
ወደ ሰሜን ይነዱታል።» እጆቹ ግን ቆሙ
ሊጡ ላይ።

ደስ ያለው መስሎኝ ነበር፤ የሚሸሸው ጀርመን ነው።
እሱ ግን ሬት እንደ ላሰ ሰው ፊቱን አኮማተረው።
«እስከ ጳጉሜ እኮ ጀርመን ነበር ጌታቸው።
ካቫላ የእህቴን በር በሰደፍ የሰበሩት፣ ያው እነሱ ናቸው፤
ያው ካፖርት፣ ያው ቁልፍ፣ ያው መትረየስ፤
የዞረው አፈሙዙ ነው። ምን ላድርግ አጥናፌ፣ ላልቅስ ወይስ ላወድስ?»

እኔ ዝም አልሁ።
የቆረስሁትን ዳቦ ሳልጎርስ እንደያዝሁ
መጋቢት ሠላሳ ሦስት መጣብኝ።

አምስት ዓመት የጣሊያንን ባቡር ግራሶ ቀብቻለሁ፣
ባለ ምልክት ቆቡን ደፍቼ «ሲ ሲኞሬ» ብያለሁ፤
ደመወዜን በሊሬ ቆጥሬ የልጄን ጫማ ገዝቻለሁ።
ሊሸሽ ሲል ግን፣ በዚያ ሌሊት፣ ለገሃር የዘይት በርሜል ሲነድ፣
ካሚዮኖቹ ተሰልፈው ሲያቃስቱ በደንገጎ መንገድ፣
ማንም የጣለውን ጠመንጃ አነሣሁ፤
በመጨረሻው ካሚዮን ሸራ ላይ ሦስቴ ተኮስሁ።
ከሸራው ኋላ ሰው ይኑር፣ ወይስ የሰው ጓዝ፣
አላየሁም። ትከሻዬን ነው የማስታውሰው፣ እስከ ማለዳ ሲደነዝዝ።

በነጋታው ባለ ቁምጣው ጦር ሲገባ ከሰው ጋር አጨበጨብሁ፤
ቆቡን ደጫቱ አሸዋ ውስጥ ቀበርሁ።
ማኅተም ያለበት የአርበኛ ወረቀት ተሰጠኝ፤ ሣጥን ውስጥ ነው።
ክረምት በመጣ ቁጥር፣ ጎርፉ ከተራራ ሲወርድ፣ እቆማለሁ ዳሩ ላይ፤
ሰው እንጨት ሲለቅም፣ እኔ ቆብ መጥቶ እንደሁ ላይ።

«ይተኩሱ» አልሁት በመጨረሻ። «ዘግይቶም ቢሆን፣ ይተኩሱ።
በሩን የሰበረው እጅ ነው፤ ሌላ እጅ ከየት ይዋሱ?»

ስታማቲ ራዲዮኑን አጠፋ። ከጉልበቱ ላይ ዱቄት አራገፈ፤
የጅቡቲው ባቡር ፉጨት በጣሪያችን ላይ አለፈ።
«አንተ ስንት ተኮስህ?» አለኝ።
«ሦስት።»
ሦስት ዳቦ በጋዜጣ ጠቀለለልኝ፤
ሳንቲሙን ግን፣ አንድም ሳይቀንስ፣ ቆጥሮ ተቀበለኝ።