ኮፒ ቤት፣ መሐል ሜዳ

ማን መቼ እንደ ጀመረ መምህሩ አያውቅም፤
እኔ ነኝ የማውቀው፤ ማሽኔ አትደብቅም።
በመስከረም ወሬ ነው፣ «ገና ነው፣ ዓመት አለ»፣
በጥቅምት ውርጭ ነው፣ እጅም እርሳስም ዛለ፣
በኅዳር አጨዳ፣ በጥር ደግሞ ድግስ፣
«ይቆይ» ይላል ልጁ፣ «ፋሲካ እስኪደርስ»።
ሰኔ ሲሆን ታዲያ ደጄ ይጨናነቃል፤
የአሥር ዓመት ፈተና ባንድ ቀን ይጠየቃል።
«እቴቴ፣ ቶሎ በይ!»
እኔ ነኝ ወይ የዘገየሁት?

ያን ዓመት ግን አንዲት
ከገጠር የመጣች፣ ቤት የተከራየች፣
የሳምንት ቆሎዋን በጀርባዋ ያዘለች፣
እታፈራሁ የሚሏት፣
በጥቅምት፣ በገበያ ቀን፣ ሁለት ብር ይዛ ቆመች።
«አንድ ገጽ ብቻ» አለች።
«የስንተኛ ክፍል?»
«የዘጠነኛ ፊዚክስ።»
«አንቺ አሥራ ሁለት ነሽ፤ ምነው ወደ ኋላ?»
«ዘጠነኛን አልፌዋለሁ እንጂ
አልተዋወቅንም።»

በሳምንቱ ያቺኑ ገጽ ይዛ መጣች።
ሠርታ፣ በላጲስ አጥፍታ፣
ደግማ ሠርታ፣ ደግማ አጥፍታ፣
ወረቀቱ ሳስቶ መስኮቱን ያሳያል።
«ይህ አለቀ» አለችኝ፣ «ቀጣዩን።»
አንድ ገጽ ልመርቅላት ብል መለሰችልኝ፤
«የዚህን ሳምንት ሳልጨርስ አታስቸኩዪኝ።»

ሰኔ ሊያልቅ ሲል መብራት ሄደ።
ጉሙ ከጓሳ ወርዶ ገበያውን ዋጠው፣
ሰልፉን ደጄ ላይ አቁሞ ጨለማው ሰጠው።
ደምሰው፣ የባለ ሱቁ ልጅ፣ አምስት መቶ ዘርግቶ
«ሁሉንም!» አለኝ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቶ።
ብሩን አየሁት። ማሽኔን አየኋት።
እንደ ነጠፈች ላም ተኝታለች።
«ጄኔሬተር የለሽም?»
«የለኝም ወንድሜ።»
ቆሙ፣ ቆሙ፣ ሲመሽ ተበተኑ።
እታፈራሁ አልመጣችም።
ወይ ተኝታለች፣ ወይ አንዱን ገጽ እያጠፋች ነው።

የኔም ዓመት እንዲህ ነበር፤ የሰኔ ሰልፈኛ ነበርሁ።
ሦስት ነጥብ ጎደለኝ።
ሦስት ነጥብ ማለት የኅዳር ሦስት ማታ ነው እላለሁ፤
እውነቱን አላውቀውም፤
ኅዳርን ባጠናውም ልወድቅ እችል ነበር።
ለዚህ ነው «መቼ ልጀምር?» ሲሉኝ
ምክር የማይወጣኝ፣ ዋጋውን ብቻ የምናገር፤
«ገጹ ሁለት ብር።»

ሻማ ለኮስሁ። ከጠረጴዛው ሥር
ቀለም የዘለላቸው ብልሽት ኮፒዎች አሉኝ፤
ለማንም አልሸጣቸውም፣ መጣልም አሳዘኑኝ።
ከላይ ያለው የዘጠነኛ ነው፣
ግማሹ የጠፋ፣ ግማሹ የሚነበብ።
ሰኔ ነው፣ አውቃለሁ፤ ለዚህ ሰኔ አይደለም፤
ሻማው ገና አላለቀም፣ እርሳሴም አልዶለዶመም።

ጥያቄ አንድ።