ሁለት ባላ

ፊላደልፊያ ላይ መስኮቱን ዘግተው፣
በጋውን በሙሉ ላባቸውን ጠርገው
ሕግ ያወጡ ለታ፣
ፊደል የለቀመች የአታሚው ሚስት ነች፣ ሉከንስ ጣቢታ።
ሸንጎውን ለቀመች፣ ዳኛውን ለቀመች፣
ቀረጡን፣ መሐላን አንድ ባንድ አሰለፈች፤
“ወገን” የሚል ቃል ግን ከቶ አልገጠማትም፣
ከራስጌ እስከ ግርጌ ወረቀቱ የለውም።

ያልተጻፈው ቃል ግን በጓሮ በር ገብቶ፣
ስለ ዕዳ፣ ስለ ባንክ ጠረጴዛ መትቶ...
ባሏ ሲቀበር ነው ዓይን ለዓይን ያየችው፤
ከተሸካሚዎቹ
ግማሹ ባርኔጣ ጥቁር ሪባን ታስሮ፣
በግማሹ ደግሞ ሦስት ቀለም ተቋጥሮ፣
እርምጃ አልገጠሙም፤
ሳጥኑ ዘመመ፤
“ያንተ ነው” እንጂ “የኔ ነው ጥፋቱ” ያለ ትከሻ የለም።

ጠዋት ለባለ ጥቁር፣ ማታ ለባለ ሦስት
ስድብ አተመች፤ መበለት ናትና መብላት አለባት።
“ከሃዲ” ለሚል ቃል ፊደል ቢያንሳት ጊዜ
ካንዱ ገጽ ነቅላ ሰካችው ለሌላው፤
ቃሉ ምን ተዳው!

የምርጫው ሌሊት፣
ድምፅ የሌላት እሷ ጎራዴ ጠብቃ፣
በሩን በወንበር ደግፋ፣ ከመስኮቱ ርቃ፣
በደጇ ሲያልፍ ሰማች በርሜል ሠሪው ፎልዌል፣
የተሸነፈው ሰው፤
“ለከርሞ እንተያይ” አለና ሳል አፈነው።
ቤቱ ገባ። በቃ።
አንዱ ባላ ሲወድቅ አንዱ ቆሞ አደረ፤
ጣሪያው አልተደረመሰም፣ ትንሽ ተንቋረረ።

ጎህ ሲቀድ የሁለቱን ወገን ፊደል አጥባ
ወደ አንድ ሳጥን መለሰች፣ እያንዳንዱን በየቤቱ።
“ከሃዲ”ን ብቻ ግን አልበተነችው፤
በክር እንደ ታሰረ፣
ይፈለጋል ብላ ለብቻ አኖረችው።