ሳቂታው በሽተኛ

ማክሰኞ ተገዛ፣ ማርቴስ ተባለ፤
ባራት እግር ቆሞ በውሃ ውስጥ ያለ፣
ከዓሣም ከእንቁራሪትም ወገን የጎደለ፣
መተንፈሻውን ውጭ፣ እንደ ቀይ ዘርፍ፣ ባንገቱ ያንጠለጠለ።
"አሆሎቴ" ይሉታል የሶቺሚልኮ ሰዎች፣
ጎመንና አበባ ተካይ፣ የቦይ ዳር ገበሬዎች።
ሲፈጠር ነው መሰል ባፉ ዳር የታተመ
አንድ ፈገግታ አለው፤
ይሥቃል ሲጠግብ፣ ይሥቃል እየታመመ።

እናቴ ኦቲሊያ ግን ፊት አይታ አታምንም።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሸሚዝ ስትሰፋ
አንድ ነገር ገብቷታል።
"የጨርቅ ነውር በውስጡ ነው፤
ገልብጠህ እይ፣ አትቸኩል" ትለኛለች።
ስለዚህ ሳቁን ትታ ጭራውን ታነባለች።
"ጫፉ ከተጠቀለለ
ወይ ውሃው ከፍቷል ወይ ፍርሃት አለ።
ላባው ወደ ፊት ከታጠፈ፣ ነፋስ በሌለበት
እንደተገለበጠ ጃንጥላ፣
ቶሎ ውሃውን ለካ፤ ሌላው ይቆይ በኋላ።"

ግንቦት ነበር፤ ዝናብ ገና ሳይመጣ፣
የጣሪያው ቆርቆሮ ቀኑን ሲንጣጣ፣
የውሃው ሙቀት ሃያ አራት ወጣ።
ማርቴስ ሁለት ቀን ሙሉ ትሉን አልነካ፤
በሦስተኛው ተንሳፈፈ፣ በጎኑ ዘንበል ብሎ፣
ቀዛፊ እንዳጣች ታንኳ።
በግራ ላባው ላይ ነጭ፣ ብን ያለ ነገር፣
ከተቀደደ ትራስ የሾለከ ጥጥ የሚመስል ነበር።
እሱ ግን ይሥቃል።
ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል
ሳቁን የውሃው አድርጌ ነበር የሰማሁት፤
እዚህ ተገለበጠ፤ የሚሥቀው ተወሳጁ ሆኗል።

ኤሊሴዮን ጠራነው፣ ከቦዩ ማዶ የሚኖረውን።
ሐኪም አይደለም፤ ብቻ ካባቱ ጋር ያረቡ ነበር ፍጡሩን።
ጎንበስ ብሎ አየ፤ ጣቱን ነከረና
"ሾርባ ነው ይሄ" አለ፣ "ጨው ብቻ ይቀረዋል ገና።"

ጠጠሩ ይውጣ፤ ከትል ጋር ሲውጠው ሆዱን ይዘጋዋል።
የቧንቧ ውሃ ማርከሻ ሳይጨመርበት አይግባ፤
ክሎሪኑ ላባውን ያቃጥለዋል።
ጨው፣ አዮዲን የሌለው፣ ለሊትር ሁለት የሻይ ማንኪያ፤
ጧት አሥር ደቂቃ፣ ማታ አሥር ደቂቃ፤
"ሰዓት ያዙ! ከበዛ
መድኃኒቱ ራሱ ይሆናል በሽታ።"
ቀሪውን ጊዜ ክዳኑ በተበሳ ሣጥን፣
ቀስ በቀስ አቀዝቅዛችሁ፣ ፍሪጅ ውስጥ ይረፍ፤
ውሃው በየቀኑ ሙሉ በሙሉ ይለወጥ፤
ያ ጥጥ ብርድ አይወድም።

"ላባው ቢበጠስስ?" አልኩት።
"ይበቅላል" አለ፣ "እንደ ጎመን፤
እግሩም ቢቆረጥ ይበቅላል።
የማይበቅለው የባከነው ቀን።"

ፍሪጁን ከፈትኩ። ባቄላውን ገፋሁ፣ የቃሪያውን ስልስ፣
ወተቱን ወደ ጥግ፣
ለማርቴስ ቦታ ሳበጅ፣ ቦታ ስፈልግ፣
በበሩ መደርደሪያ፣ ከእንቁላሎቹ በታች፣
የእናቴን ኢንሱሊን አገኘሁ፤
ሦስት ካርቶን፣ ሦስቱም እንደታሸጉ፤
የየካቲት፣ የመጋቢት፣ የሚያዝያ።

ዞር አልኩ።
ማርቴስን በጨው ውሃ ነክራ፣ ሳህኑ ላይ አጎንብሳ፣
ደቂቃ ትቆጥራለች።
ቀና ብላ አየችኝ፤ የያዝኩትንም አየች፤
ፈገግ አለች።

"እግርሽን አሳዪኝ።"
"ገና አራት ደቂቃ ነው።"
"እማ።"
"ጫማው ነው የጠበበኝ። ጫማ ነው። ተወው በናትህ።"

ተንበረከክኩ።
የግራ ካልሲዋን አወለቅኩ፤
እሷው እንዳስተማረችኝ፣ ሳልቸኩል፣
ገለበጥኩት።

ሰዓቱ ጮኸ።
"በል ማርቴስን አውጣው" አለች፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች፤
"አሥር ሞልቷል። እሱን አስቀድም፤
እኔ የትም አልሄድም።"