ዕጣ ቁጥር ሠላሳ ስድስት

በቱርኩ ከተማ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ፣
ሲርካ ላውኮላ በወረንጦ ይዛ ቴምብር ስታይ፣
መጋረጃው ተዘግቶ፣ መብራቱ ጠፍቶ፣
ሐምራዊ ጨረር ብቻ ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ፤
ከሠላሳ ዓመት በላይ ፖስታ ስትለይ የኖረች፣
ከእጅ ጽሕፈቱ ብቻ ላኪውን የምታውቅ ነበረች።
ጡረታ የወጣች እሷ ናት፣ ዐይኗ ግን ገና ሠራተኛ፤
ማኅበሩ ሲዘረፍ ሾማት የጨረታ ዘበኛ።

ባለፈው የበረዶ ወራት፣ ወንዙ ረግቶ ሳለ፣
«ጥድ አርባ ሰባት» የሚባል ስም ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ፤
ሌሊት ሌሊት እየመጣ፣ አንድ አንድ ዩሮ እየጨመረ፣
ሰው ሁሉ እስኪሰለቸው ዋጋ ሲያስወጣ አደረ።
ማን ነው ቢባል፣ ለካ ሻጩ ራሱ፣
የገዛ ቴምብሩን ተጫራች፣ ስሙን ቀይሮ ለኪሱ።
ሌላው ደግሞ ከራውማ፣ የሚያምር ፎቶ ለጥፎ፣
የላከው ሲከፈት ሌላ ነው፣ ማኅተሙ በላጲስ ተገፎ።

ገንዘቡን የበላው በላ፤ የከፋው ግን ከዚያ በኋላ፣
በወር አንዴ ሲሰበሰቡ፣ አንዱ ሌላውን እያየ ሲያሰላ፣
የፔንቲ ብስኩት እንኳ ሳይነካ ሲቀር በሳህን፣
በየሰዉ ዐይን ውስጥ «እሱ ይሆን? እሷ ትሆን?»

ስለዚህ ሲርካ ጻፈች፦ እያንዳንዱ ዕጣ በእጄ ይለፍ፤
ፊትና ጀርባው ፎቶ ይነሣ፣ ጉድለቱ በግልጽ ይጻፍ፤
ገዢው ሳያይ ክፍያ ከሣጥን እንዳይወጣ፣
ስም የለሽ ተጫራች በሌሊት እንዳይመጣ።
ፔንቲ አኮረፈ፤ «አርባ ዓመት ስንተማመን!»
(በማግስቱ መጣ፣ አልበሙን ታቅፎ፣ ሳይጠራ፣ ሳይለመን።)

ዛሬ ማታ ሠላሳ አምስቱን ዕጣ አየች፣ ጻፈች፣ አለፈች፤
ሠላሳ ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ትንሽ ዐረፈች።
ይህኛው የኦይቫ ነው፣ የሟቹ የባሏ፤
የሐይቁ ዳር ጎጆ ጣሪያ ባያፈስ ባልወጣ ነበር ከክፍሏ።
ጽጌረዳማ፣ ባለ አሥር ኮፔክ፣ ዙሪያው ሞገድ የሚመስል ጥርስ፣
አንዲቷም ሳትጎድል፤ ኦይቫ ለእንግዳ የሚያሳየው
በጓንት እንጂ በእጁ ሳይዳብስ።

መብራቱን አስጠጋች።
ወረቀቱ እንደ ጥንቱ ደብዝዞ ጨለመ፤
በግራ ጠርዙ ግን ሦስት ጥርስ ነጭ ሆኖ ቆመ።
ባዕድ ወረቀት። የተቀጠለ።
ጀርባው ላይ ያለው ሙጫም ትናንት የተቀባ ይመስላል፤
የመቶ ስልሳ ዓመት ሙጫ እንዲህ መች ያበራል?

ኦይቫ ሌሊት ሲነሣ ታስታውሳለች፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ሲል፤
የወጥ ቤቱ መብራት በበሩ ሥር ክር መስሎ ፈሰስ ሲል፤
ጠዋት የሙጫ ሽታ ነበር፣ መስኮቱም ተከፍቶ፤
አልጠየቀችውም፤ በባል ላይ ማን ይመጣል አጉሊ መነጽር አንሥቶ?
ወይስ እሱም ተታልሎ ነው፣ ከሄልሲንኪ ሱቅ፣ በደሞዙ?
ጓንት የለበሰው ለክብሩ ነው? ወይስ እንዳይታይ መዘዙ?
ሙት ወቃሽ መሆን ነው ይህ። ሙትም መልስ አይሰጥም፤
መብራት የሚያሳይ ወረቀት ነው፣ የሰው ልብ አይገልጥም።

ማለፍ ትችል ነበር። መርማሪዋ እሷ፣ ሻጯ እሷ፤
ዘጠኝ መቶ ዩሮ፣ አዲስ ጣሪያ፣ ምስክሯም ራሷ።

ከታች የዳቦ ቤቱ ማሽን ሊጥ ማቡካት ጀመረ፤
ጻፈች፣ ሰረዘች፣ ጻፈች፤ ሌሊቱ በሁለት መስመር አደረ፦
«ዕጣ ሠላሳ ስድስት። በግራ ሦስት ጥርስ ተቀጥሏል፤ ሙጫው ታድሷል።
መነሻ አርባ ዩሮ። ሻጭ ሲርካ ላውኮላ። ጉድለቱ በሻጯ ይታወቃል።»

ሁለት ቀን ማንም አልነካውም።
በሦስተኛው ቀን አንድ ተጫራች ከነሙሉ ስሙ መጣ፤
«ፔንቲ ሃርዩ፣ አርባ አንድ ዩሮ።» ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው አልወጣ።
«ለማኅበሩ ነው» ብሎ ጻፈላት፤ «ጀማሪ እንዲያይ፣ እንዲማር።
ከሥሩ ምን ልጻፍበት? ኦይቫ ልበል? ወይስ ይቅር?»

ሲርካ መስኮቱን ከፈተች፤ የወንዙን ብርድ አስገባች፤
«ጥርሱን ብቻ ጻፍ» ብላ፣ ሐምራዊውን መብራት አጠፋች።