ስሚዝ

ከኮተቤ ወዲያ፣ ለገጣፎ ጫፍ ላይ፣
ከሰፈሩ ርቆ ለብቻው የሚታይ
ቤታችን ነበረ። ወናፉ ሲነፋ
ልጇን እንትፍ ሳትል ያለፈች እናት ጠፋ።
ቀን ቀን ማረሻውን ሊያሠራ የመጣ
ማታ በደጃችን ውሃ የማይጠጣ።

እኔም ትምህርት ቤት ላይ «አባትህ ምን ይሠራል?»
ሲሉኝ፣ አፌ ፈጥኖ «ጨው ነጋዴ ነው» ይላል።
የጨውን ዋጋ እንኳ ጠንቅቄ አጠናሁ፣
ውሸቴ እንዲያምርልኝ፤ በዚያው ሒሳብ አወቅሁ።

አንድ ክረምት ታዲያ የቧንቧ መሐንዲስ፣
ከጭቃው መሀል ላይ ባሌስትራው ቢበጠስ፣
ላንድሮቨሩን ትቶ በእግሩ መጣ እኛ ዘንድ።
አባቴ ቃል የለው፤ ሥራው እሳት ማንደድ።

ብረቱ እስኪቀላ በርሜል ላይ ተቀምጦ፣
የእናቴን የጣሳ ሻይ ሳያቅማማ ጨልጦ፣
ስሙን ነገረን፤ «ስሚዝ»። እኔም ተርጓሚ ነኝ፤
ከመዝገበ ቃላት ያየሁት ትዝ አለኝ፣
«ቀጥቃጭ ማለት ነው» አልሁ፤ ምላሴ ደረቀ።
መዶሻው ሳይወርድ አየር ላይ ታነቀ።

«ማን ሰደበው?» አለኝ።
«ስድብ አይደለም» አልሁ፣
«የዘር ስማቸው ነው።» እኔም እየፈራሁ
ጨመርሁ፦ «በራቸው ላይ ይጽፉታል አሉ፣
ዳኛም ቄስም ሆነው በዚሁ ይጠራሉ።»

ፈረንጁም ቆጠረ፦ አያቱ ዳቦ ጋጋሪ፣
አጎቱ መርከበኛ፣ እኅቱ አስተማሪ፤
ብረት የቀጠቀጠ አንድ እንኳ የለበትም፤
ወናፍ ምን እንደሚመስል ሰውየው አያውቅም።

«ሴት ይሰጧቸዋል?» አለ ድምፁ ሰልሎ።
ሚስቱን አሳየን፣ ፎቶ ከቦርሳው ነቅሎ፤
«የቄስ ልጅ ናት» አለን። አባቴ ዝም አለ፣
ፎቶውን እንዳይነካ ጣቱን እያገለለ።

ሊሄድ ሲል እጁን ሰጠው። አባቴ ጨበጠ፣
መዳፉን ገልብጦ አየ፣ ተመሰጠ።
«ልስልስ ነው» አለኝ ኋላ፤ «ስሙን ወርሶ ቀረ።
መዶሻዋን ማነው መንገድ ላይ የቀበረ?»

ዛሬ ወናፉ ቤት ፎቅ ተሠርቶበታል፤
የበሩን ብረትም ሌላ ሰው በይዶታል።
ልጄ ቅጽ ሲሞላ፣ አባቴ ከኋላ
ሦስተኛ ቆሟል፤ የሱ ልጅ ሲሞላ
ቅጹ ቦታ የለው፤ ዱጉማ ይወድቃል።

መዳፌን አየሁት፦ እንደ ስሚዝ ለስልሷል፣
ስሙ ግን አልቀረኝ።

ትናንት አንድ ጎረቤት
«አባትዎ ምን ነበሩ?» አለኝ ከሱቅ ፊት ለፊት።

በእጄ ላይ የያዝሁት አንድ ኪሎ ጨው ነበር።