ቀለሙ የቱ ነው?

ይመር ደላንታ ላይ ገደሉን ፈልፍሎ፣
ባቄላ የሚያህል ኦፓል፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣
ወገል ጤና አመጣልኝ።

ሦስቴ ፎቶ አነሳሁት፤
ጠዋት በመስኮቱ አረንጓዴ ወጣ፣
ማታ ከአምፖሉ ስር እሳት ይዞ መጣ፣
ሰማዩ ሲዳምን ደግሞ ወተት።

ገዢው ከሩቅ አገር መልሶ ጻፈልኝ፤
«ሦስት ድንጋይ ነው ይሄ፣ አንዱም መስታወት መሰለኝ።
እውነተኛ ቀለሙ የቱ ነው?»

ይመርን ጠየቅሁት፤ ሳቀና ዝም አለ፣
ድንጋዩን አንስቶ ከውኃ ውስጥ ጣለ።
ቀለሙ ሟሟ። ጠርቶ ብርጭቆ ሆነ፣
ልክ ገዢው እንዳለው።

ደነገጥሁ።
«ተወው፣ ሲደርቅ ይመለሳል» አለኝ ይመር፣
የጥፍሩን አፈር እያየ።
«እሱ ውኃ ሲነካው መልኩ ይጠፋል፤
እኔን ከጉድጓድ ስወጣ፣ ውኃ ካልነካኝ
ሚስቴም አትለየኝ።»

አራተኛውን ፎቶ አልላክሁም።
ሁለት ቀን ጠበቅን።