እግሩ ተነሥቶ

ሻርጃ፣ ሰናዒያ ዐሥር፤ የሐምሌ ቀትር ነበር፤
አቡ ሰይፍ ከነመኪናው ቆመ ከጋራዡ በር፤
የሰባ ሁለት መርሴዲስ፣ ክሬም፣ እንደ አዲስ ያበራች፣
ማርሽ ወጥቶ ቢገፏትም እንደ በቅሎ ያመፀች።
«ጠዋት ትበርራለች» አለ፣ «ቀትር ላይ ትያዛለች፤
ሦስት ጋራዥ ወሰድኳት፤ በረድ ሲል፣ ድና ትገኛለች።»

ኩንጁሞን፣ የኬራላው ሰው፣ የግራ ፊቱን ቸርኬ
በእጁ ጀርባ ነካና እፍ እፍ አለ፤
«ካሊፐር ነው፤ ፒስቶን ዝጓል፤
ሺህ ሁለት መቶ ድርሃም፣ ሁለቱም ጎን ይቀየራል።»

ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ቸኩዬ አልፈታም ብረት፤
ኮምቦልቻ፣ ጋሽ ዘርጋው ዘንድ፣ ቁልፍ ባቀብልበት ዓመት
አንድ ነገር ነው ያስተማረኝ፤ «ያዘ ሲሉህ፣ ማን ያዘ? በል፤
እግር ነው? ዘይት ነው? ብረት? ሳትለይ ቡሎን አትንቀል።»

ክሪክ አስገባሁ። ፔዳሏን ረግጬ ለቀቅሁ።
ጎማው ድርቅ፤ በሁለት እጄ ታገልኩት፤ እኔ አለቅሁ።
ፔዳሉ ጣት ያህል ይላወሳል፤ ከላይ የሚጫን የለም።
የብረት ቧንቧውን አላላሁ፣ ከቱቦው በላይ፤ ጎማው ምንም።
ወረድኩ ወደ ታች፤ የስፑርጎዋን ቪቴ ሩብ ዙር፦
ጪርር!
ትኩስ ዘይት ክንዴን ላሰኝ፤ ጎማው በትንሽ ጣቴ ሲዞር።

ቱቦውን ነቅዬ በምላጭ ቀደድኩት ከዳር እስከ ዳር፤
ውጩ ጤነኛ፣ ጥቁር፣ አንድ ስንጥቅ የሌለው ነበር፤
ውስጡ አብጧል፣ ቶንሲል እንደያዘው ጉሮሮ ተደፍኗል፤
ሲረግጡት ያሳልፋል፤ እግር ሲነሣ፣ ይይዛል።

«እግሬን እኮ አንሥቻለሁ!» አለ አቡ ሰይፍ፣ እንደ ተከሳሽ።
«አንሥተሃል» አልኩት።
«ለጎማው ግን ማን ነግሮት።»
ኩንጁሞን ሳቀ፤ የሠላሳ አምስት ድርሃም ቱቦ ሊገዛ ሄደ።

ደማም ሾፌር ነበርኩ። እመቤቲቱ፣ ሌትም ቀንም፣ በስልክ ሲጠሩ
ጉርሻ ከአፌ እየተፋሁ እሮጥ ነበር ወደ በሩ።
ፈርመው ከለቀቁኝ እንኳ አራት ረመዳን አለፈ፤
ያን ስልክ ባሕር ጣልኩት፤ ከዓሣ ጋር አረፈ።

አዲሱን ቱቦ እያጠበቅሁ፣ ከጎማው ሥር ተንበርክኬ፣
ስልክ ጮኸ፣
ከአቡ ሰይፍ ኪስ።
ብድግ ያልኩት እኔ ነኝ፣
ቁልፉን እንደያዝኩ፣ አፌ ውስጥ ያለችውን ቴምር ሳልውጥ።